ሳይጠየቁ እንዳያልፉን፦ የራያ ቆቦ አያቶቻችንን ሕይወት እንዴት እንጠይቅ?



ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመን ነገር አለ። ወደ አኼራ የሄዱትን አባት ወይም እናት የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች ተራ በተራ ያወራሉ። በክፉ ቀን ማንን እንዳበሉ፣ ቁርኣን የት እንደቀሩ፣ ከማን ተጣልተው እንዴት እንደታረቁ ይነሳል። የልጅ ልጆች ጥግ ይዘው ያዳምጣሉ። በመጨረሻ አንዱ ቀስ ብሎ «ይህን እኮ ገና ዛሬ ሰማሁ» ይላል። ይህን የሚለው አንድ ቤት ውስጥ አብሯቸው ሃያ ዓመት የኖረ ልጅ ነው።

ቤተሰብን ስለ ሕይወቱ መጠየቅ ቀላል ስለሚመስለን ለነገ እናሳድረዋለን። ዛሬ ልናነሳው የወደድነው ይህንን ጉዳይ ነው። የምንነጋገረው በተለይ ከጎብዬ፣ ከሮቢት፣ ከቆቦና ከዋጃ እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ባለው የራያ ቆላ ለተወለዳችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ ከዚያ ለሆኑ ነው። ለሌላውም የሚጠቅም ይመስለናል።

ጊዜው አጭር ነው። በ1966 ዓ.ል. ድርቅ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። የ1977ቱን ረሀብ ልጅ አዝለው ያለፉት እናቶች አርጅተዋል። ከ2013 ክረምት ጀምሮ በአካባቢው የተካሄደው ጦርነት ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የነበረውን ፎቶ፣ ኪታብና ወረቀት አሳጥቶታል። የቀረን ሰነድ የሰው አንደበት ነው።

«መቼ ተወለዱ?» ለምን አይሠራም?

ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች አንዱ የቆቦ ልጅ ነው። ለዒድ አገሩ በገባ ጊዜ አያቱን ሊጠይቅ ወስኖ ስልኩን ለመቅጃ አስተካክሎ ተቀመጠ።

«እማማ፣ በስንት ዓመት ነው የተወለዱት?»

«ምኑን አውቄው ልጄ። ያኔ ማን ይጽፋል?»

«ትምህርትስ የት ተማሩ?»

«የምን ትምህርት? ከብት ነበር የምንጠብቀው።»

«ኑሮ እንዴት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነበር።»

ጥያቄው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። አያቱ ግራ ተጋቡ፤ እርሱም ስልኩን አጠፋ። ማታ ግን የማሽላ እሸት ሲጠበስ እርሳቸው ራሳቸው ጀመሩት። ልጅ ሆነው ማሳው መሀል ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቁ እንደነበር፣ ጥንቅሽ እየቆረጡ ይመጡ እንደነበር፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዷቸው ወፉ ማሳውን ሲያራቁተው አባታቸው ምን እንዳሉ ተረኩ። ወሬው ኢሻ ተሰግዶም ቀጠለ። ባልደረባችን ስልኩን መልሶ ለማብራት እንኳ ጊዜ አላገኘም።

ቀን የጠየቃቸው ጥያቄዎች የቀበሌ መታወቂያ ፎርም ላይ ያሉትን ይመስሉ ነበር። ዓመተ ምሕረት፣ የትምህርት ደረጃና የሥራ ሁኔታ የመዝገብ ቤት ጥያቄዎች ናቸው። በራያ ቆላ ያረጀ ሰው ሕይወቱን የሚያስታውሰው በዝናቡ፣ በማሽላው፣ በከብቱና በመንገዱ ነው። ማታ ወሬውን የከፈተው እሸቱ ነበር።

ዑርዋ አክስቱን የጠየቀው

ይህ አጠያየቅ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ነገር አይደለም። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) የቤት ውስጥ ሕይወት ያወቅነው በአብዛኛው ቤተሰብ ቤተሰቡን ስለጠየቀ ነው። በዚህ ስማቸው ከሚነሳው አንዱ ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር ናቸው። እናታቸው አስማእ (ረ.ዐ.) የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ.) እህት ናቸው። ዑርዋ ከአክስታቸው ዘንድ እየተመላለሱ ይጠይቁ ነበር፤ ኋላም ከመዲና ታላላቅ የፊቅህ ሊቃውንት አንዱና ስለ ሲራ ቀድመው ከዘገቡት የሚጠቀሱ ሆነዋል።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለዑርዋ የነገሯቸው አለ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጨረቃ ሲያዩ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤቶች እሳት ሳይነድ የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ዑርዋ ይህን ሲሰሙ ዓመቱ ስንት እንደነበር አልጠየቁም። ታዲያ በምን ትኖሩ ነበር ብለው ጠየቁ። መልሱ ተምርና ውሃ ነበር፤ ከአንሷር ጎረቤቶችም ወተት ይላክላቸው እንደነበር አወሱ። በዚህች አጭር ጥያቄ የቤቱን ችግር፣ ትዕግሥቱን፣ የጎረቤቱንም ደግነት አወቅን።

ዝምድናን መቀጠል የሚያስችለውን ያህል የዘር ሐረግን ማወቅ እንደሚገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውንም ቲርሚዚ ዘግበዋል። ስለዚህ አያትን መጠየቅ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ ሲለቱ ረሒም ነው።

ከምን እንጀምር?

ከቤቱ፣ ከምግቡና ከሥራው ጀምሩ። ለራያ ቆላ ሰው በር የሚከፍቱ ጥያቄዎች የሚከተሉትን ይመስላሉ፦

– ልጅ ሆነው ይኖሩበት የነበረው ቤት በሩ ወዴት ይዞር ነበር? ማን ማን ይተኛበት ነበር?
– ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ ሲጠልፉ ሥራውን ማን ይመራ ነበር? ውሃው ለማን ቀድሞ ይደርስ ነበር?
– ምን ዓይነት ማሽላ ይዘሩ ነበር? የትኛው ለእንጀራ፣ የትኛው ለእሸት ይመረጥ ነበር? ዛሬ የጠፋው የትኛው ነው?
– ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር? ስንት ሰዓት ያስኬድ ነበር?
– ቁርኣን ማን አስቀራዎት? ሉሑ ከምን እንጨት ነበር? ቀለሙ ከምን ይሠራ ነበር?
– ከዞብል ማዶ ካሉት አፋሮች ጋር በምን ትገናኙ ነበር? በገበያ፣ በግጦሽ፣ በጋብቻ ወይስ በጠብ?
– ደም የተቃባ ሰው ሲኖር ማን ያስታርቅ ነበር? ዘወልዶችና አበጋሮች ምን ያደርጉ ነበር?

ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ወንዶቹን ነው። ከእነርሱ ስለ ጠብመንጃ፣ ስለ ሙግትና ስለ መሬት እንሰማለን። ስለ ወፍጮ ድንጋይ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ውሃ መንገድና በቡናው ዙሪያ ስለሚደረገው ዱዓ የሚያውቁት ግን እናቶች ናቸው። ሁለቱም ካልተጠየቁ የቤቱን ታሪክ ግማሹን ብቻ ይዘን እንቀራለን።

የሚያወሩበትን ቋንቋም አታርሙባቸው። የራያ ሽማግሌ በአማርኛው መሀል የትግርኛ፣ የኦሮምኛ ወይም የአፋርኛ ቃል ጣል ቢያደርግ እንዳለው ጻፉት። የአካባቢው ታሪክ በዚያ ቃል ውስጥም አለ።

ዓመቱን እንዴት እናግኘው?

ዓመቱ አያስፈልግም እያልን አይደለም። ያስፈልጋል፤ ግን ዓመቱን ማውጣት ያለብን እኛ ነን እንጂ እርሳቸው አይደሉም። አንድ ነገር ሲነግሯችሁ ሁሉም ከሚያውቀው ጊዜ ጋር አስተያዩት። «ይህ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» ጣሊያን የነበረው ከ1928 እስከ 1933 ነው። «የራያና የትግራይ ገበሬ ያመፀ ጊዜ ነው?» ቀዳማይ ወያኔ የሚባለው አመፅ በ1935 ነበር። «መሬት ከመታወጁ በፊት ነው?» የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። «ዒድ የሕዝብ በዓል ሳይሆን በፊት ነው?» በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለመብታቸው ታላቁን ሰልፍ የወጡት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሲሆን፣ በዓሎቻችን በሕዝብ በዓልነት የታወጁት ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን መጀመሪያ ነው።

እኛ ሙስሊሞች ደግሞ አንድ ተጨማሪ መለኪያ አለን፤ እርሱም ረመዷን ነው። የሒጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዷን ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ወደ ጀመረበት ወቅት የሚመለሰው በ33 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ አያትዎ «የተዳርኩት ረመዷን በሐምሌ ዝናብ የገባ ዓመት ነው» ቢሉ ሊሆኑ የሚችሉት ዓመታት ጥቂት ናቸው። ረመዷን በሐምሌ የገባው በቅርቡ በ2004 እና በ2005 አካባቢ ነበር። ከዚያ በፊት በ1971 እና በ1972 አካባቢ፣ ከዚያም በፊት በ1939 አካባቢ ነው። የአያትዎን የልጆች ዕድሜ ስታስቡ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ዓመት ቆጥረው የማያውቁ እናት የሠርጋቸውን ዓመት በዚህ መንገድ ሊነግሩን ይችላሉ።

«ይህን ማን ነገርዎት?»

ሐዲስ ሲዘገብ ማን ከማን እንደሰማ አብሮ ይዘገባል። የቤተሰብን ታሪክም በዚህ አደብ እንያዘው። አያትዎ አንድ ነገር ሲነግሩዎት «በዓይንዎ ያዩት ነው ወይስ የሰሙት? ከማን ሰሙት?» ብሎ መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ የነገሩን መንገድ ማወቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ራያ ውስጥ በአና ስለነበሩት ስለ ሸይኽ ጀማሉዲን ወይም ስለ ሌላ ዓሊም የሚነገር ነገር ካለ፣ ከአያትዎ በፊት በስንት ሰው እንዳለፈ ጻፉ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር የተለያየ ቢነግሯችሁም አንዱን ሐሰተኛ አታድርጉ። ሁለቱንም ከነባለቤቱ ጻፉት።

እንዲህ ያለ የሽማግሌ ቃል ትልቅ ቦታ ደርሷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ታሪክ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉትና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ ከጽሑፍ ሰነዶች ሌላ በአገሬው ሽማግሌዎች ቃል ላይ የቆመ ነው። ደሳለኝ ራህመቶም በ1977ቱ ረሀብ ገበሬው እንዴት እንደተረፈ ለመጻፍ አምባሰል ወርደው ገበሬውን ራሱን ጠይቀዋል። በታላላቅ መጻሕፍት ውስጥ ያለው የወሎ ታሪክ እንደ እኛ አያቶች ካሉ ሰዎች አፍ የተለቀመ ነው።

የዘር ሐረጉን ስትቆጥሩ ምናልባት ከሙስሊም ስሞች መሀል የክርስቲያን ስም ያጋጥማችኋል። አትደንግጡ፤ አያታችሁንም አታስደንግጡ። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶና ተዛምዶ ኖሯል። በሌላ በኩል በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም በግድ ሃይማኖት እንዲቀይር ሲያስገድዱ ስም የቀየረ፣ የተሰደደ፣ በድብቅ ሲሰግድ የኖረም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት ቤተሰቦቻችሁ ብቻ ናቸው። ሲጠየቁም የሚነግሩት በቀስታ፣ ሰው በሌለበት ነው።

የሚከብደው ታሪክ

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ያሳየው ፊልም ዓለምን አናወጠ። ቆቦን አልፎ ከአላማጣ በላይ ባለችው ኮረም የተቀረፀ ነበር። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሙስሊም ሙሐመድ አሚን ነው፤ ዘጋቢው ደግሞ ማይክል በርክ። ያ ፊልም ብዙ እርዳታ አምጥቷል፣ ብዙ ነፍስም አትርፏል። ፊልሙ ላይ ያለው ሕዝብ ግን ስም የለውም። ነጠላ የተከናነቡት እናት የማን ልጅ እንደሆኑ፣ በጨርቅ የተጠቀለለው ሕፃን ምን ይባል እንደነበር አናውቅም። ያን ጊዜ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ በሰፈራ ሲወሰድም ብዙ ቤተሰብ ተለያይቷል። እነዚያን ስሞች ዛሬም ይዘው ያሉት እናቶቻችንና አያቶቻችን ናቸው።

ወደ ባልደረባችን እንመለስ። በሁለተኛው ቀን ከዐስር በኋላ ቡናው ሲፈላ አያቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው። የ1977 ረመዷን ግንቦት ላይ መግባቱን ቀድሞ አስልቶ ነበር።

«እማማ፣ በሰባ ሰባት ረመዷን በምን ነበር የምታፈጥሩት?»

ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። እርሱም ዝም አለ። ከዚያ «በውሃ። ውሃውም ሲገኝ» አሉ። ቁርቁራ ለቅመው እንደነበር፣ አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታቸው እፍኝ ጥራጥሬ እንዳካፈሏቸው፣ ወደ ኮረም በእግር እንደወጡ ተናገሩ። ቀጥለውም መንገድ ላይ ስለቀረች ልጃቸው ተናገሩ። የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ስሟንም ጠሩ።

የባልደረባችን እናት ቡናውን ትቀዳ ነበር፤ እጇ ቆመ። ከእርሷ በፊት እህት እንደነበረቻት እስከዚያ ቀን አልሰማችም። አያቲቱ ለምን እንዳልነገሯት ስትጠይቅ «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

የልጅቷን ስም እዚህ አንጽፈውም። ስሙ የቤተሰቡ ነው። እነርሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዱዓ ሲያደርጉ ይጠሩታል።

ከዚህ የተማርናቸውን ጥቂት ነገሮች እናካፍላችሁ። ከባዱን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን አትጠይቁ። ዝም ሲሉ ዝምታውን አትሙሉት፤ አብራችሁ ዝም በሉ። ካለቀሱ መቅጃውን አጥፉ። «ይህን አላነሳም» ካሉ አታስጨንቁ። ስለ ሞት፣ ያለ ፈቃድ ስለተደረገ ጋብቻ፣ ስለ ደም፣ በቅርቡም ስለደረሰው ጦርነት ሲናገሩ በሕይወት ያለ ሰው ስም ሊነሳ ይችላል። ያ አማና ነው። ወደ ሐሜትና ወደ ቂም የሚያመራ ነገር ከቤት እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። ለመቅዳትም ሆነ ለሌላ ሰው ለማሰማት አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ። ድምፃቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቀድቶ ማስቀመጥ

ለዚህ ሥራ ተራ ስልክ ይበቃል። ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ አድርጉት፤ ጥሪ ገብቶ ወሬውን እንዳያቋርጠው። ከነፋስና ከሕፃናት ጩኸት ራቅ በሉ። ቅጂው ሲጀምር ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናገሩ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አትለፉ፤ ትልቅ ሰው ይደክመዋል። ሲያልቅ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ስልካችሁ ላይ፣ ሌላው በሌላ ሰው እጅ ወይም በኢሜይል ይሁን። አንድ ስልክ ሊጠፋ፣ ሊሰረቅ ይችላል፤ አንድ ቤትም ሊቃጠል ይችላል። ይህን የቆቦ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። የሚጽፍ ካለ ደግሞ ቢያንስ ስሞቹንና የቦታዎቹን ስም በደብተር ያስፍር። ድምፅ ላይ ያለ ስም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ላይለይ ይችላል።

ባሕር ማዶ ላላችሁ

ከቆቦና ከአካባቢው ብዙ ወጣት በጅቡቲና በየመን አልፎ ሳዑዲ ዐረቢያ ገብቷል። ሌላውም በየአገሩ ተበትኗል። ርቀት ላይ ያላችሁ በስልክም ቢሆን መጠየቅ ትችላላችሁ። በአንድ ጥሪ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «ዛሬ ስለ ውሃው መንገድ ይንገሩኝ፤ ጁሙዓ ደግሞ ስለ ቁርኣን ቤቱ» በሏቸው። እናቶች ጥሪውን መጠበቅ ይጀምራሉ። በየወሩ ከሚላከው ብር ሌላ የልጅ ድምፅ በጥያቄ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል።

እናንተም የራሳችሁን መንገድ ቅዱት። በረሃውን እንዴት እንዳለፋችሁ፣ ማን ውሃ እንዳጠጣችሁ፣ ከእናንተ ጋር ተነሥቶ ያልደረሰው ማን እንደሆነ አንድ ቀን ልጆቻችሁ ይጠይቋችኋል። ካልጠየቁ እንደዚያች የቆቦ እናት አርባ ዓመት ዝም እንዳትሉ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ዕድሜያቸውን ተዉት። ዑርዋ አክስታቸውን እንደጠየቁት በክፉው ጊዜ በምን ይኖሩ እንደነበር ጠይቁ፤ ከዚያ ስልኩን አብርታችሁ አዳምጡ።

አላህ ለቀሩን አባቶችና እናቶች ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ የሄዱትን በራሕመቱ ይቀበልልን። አሚን።